ዳንሰኞቹን ማን ጠየቃቸው? ስለ ስትሪፕ ክለብ የወንጌል ስርጭትና ስለ ጽንስ ማቋረጥ ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን እዚህ ላስ ቬጋስ በሐበሾች መካከል ብዙ የተነበበ አንድ ጽሑፍ አለ። የጻፉት ወንድም ከአሜሪካውያን ጋር ሆኖ ማታ ማታ ሴቶች ልብሳቸውን እያወለቁ በሚደንሱባቸው ስትሪፕ ክለቦች እየዞረ ለዳንሰኞች ወንጌል በሚመሰክር ቡድን ውስጥ ያገለግላሉ። የጽሑፋቸው ፍሬ ነገር ባጭሩ ይሄ ነው። ዳንሰኞቹ ሁሉ ከዚያ ቤት የሚያወጣቸው ሰው ይጠብቃሉ፤ በአፋቸው ግን አይናገሩትም። ስጦታ አልቀበልም ያለች፣ ፊቷን ያዞረች ሴት እግዚአብሔርን የጠላች ናት። አብዛኞቹ አስወርደዋል፤ ያስወረዱትም ለምቾታቸውና ለቁመናቸው ሲሉ ነው። ከክለብ የተገኘ ገንዘብ ወደ እግዚአብሔር ቤት መግባት የለበትም። መፍትሔውም አንድ ብቻ ነው፤ ክለቡን ትተው ወደ ቤተ ክርስቲያን መምጣት።

እኔ ክርስቲያን ነኝ። ሥራዬ ደግሞ ታክስ መሥራት፣ ማለትም የሰዎችን የዓመት የገቢ ግብር አስልቶ ማስገባት ነው። ከደንበኞቼ መካከል ታክሲና ኡበር የሚነዱ ወገኖቻችን አሉ፣ ካዚኖ ውስጥ ካርድ የሚያድሉ አሉ፣ ዳንሰኞችም አሉ። ዳንሰኞቹ አሜሪካውያን ናቸው፤ አንዷ ሌላዋን እያመጣች ነው የበዙት። ታክስ የምትሠራለት ሰው ስለ ገቢው ስትጠይቀው ስለ ልጁም፣ ስለ ትዳሩም፣ ስለ ሕመሙም ያወራሃል። እዚህ የማነሳውን የጻፍኩት አስፈቅጄ ነው። ማንነታቸውን የሚያሳውቅ ነገር ሁሉ አስቀርቻለሁ።

ጽሑፉን ያነበብኩት ከአንድ ጊዜ በላይ ነው። ከዳር እስከ ዳር አንዲት ዳንሰኛ እንኳ ስትናገር አላገኘሁም። ስለ ልባቸው፣ ስለ ማህፀናቸው፣ ስለ ገንዘባቸው ተወርቷል። እነሱ ግን አልተጠየቁም። ምላሽ ለመጻፍ የተነሳሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ሁሉም የሚያወጣቸው ሰው ይጠብቃሉ ከሚለው ልጀምር። ከክለብ ለመውጣት የእምነት እጅ የረዳቸው ሴቶች መኖራቸው እውነት ነው፤ ይህን ማንም መካድ የለበትም። ሎስ አንጀለስ ውስጥ ትሬዠርስ የተባለውን አገልግሎት የመሠረተችው ሃርመኒ ደስት ራሷ ዳንሰኛ ነበረች። በ2005 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ጄሲስ ገርልስ የተባለውን ቡድን በካሊፎርኒያ የጀመረችው ሄዘር ቪችም እንዲሁ። የሄዘር ቡድን ክለብ ሲገባ ለዳንሰኛዋ ጊዜ ይከፍል እንደነበር በወቅቱ ተዘግቧል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ክለብ ውስጥ የዳንሰኛ ደቂቃ ገንዘብ ነው። ቅዳሜ እኩለ ሌሊት ላይ ሃያ ደቂቃ አስቁመህ ስታናግራት ከቤት ኪራይዋ ላይ እየወሰድክባት ነው። ሄዘር ያንን የምታውቀው ኖራበት ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ኦሃዮ ውስጥ ዋርሶ በምትባል ትንሽ ከተማ የሆነውን እንይ። አንድ ፓስተርና ምዕመናኑ ፎክስሆል ከሚባለው ክለብ ደጃፍ ለዓመታት ተቃውሞ ሲያደርጉ ቆዩ። የደንበኞችን መኪና ታርጋ እያነሱ ኢንተርኔት ላይ ይለጥፉ ነበር። በ2010 ዳንሰኞቹ በተራቸው እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ወንበር ዘርግተው ተቀመጡ። ከያዙት ጽሑፍ መካከል የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ነበረበት፤ ከማቴዎስ ምዕራፍ 7 ስለ ሐሰተኞች ነቢያት የሚናገረው። እነዚህ ሴቶች አፍ አልነበራቸውም ማለት ይቻላል? መጽሐፉንም ያውቁታል። የተቃወሙት እግዚአብሔርን አልነበረም። በየሳምንቱ ደጃቸው ላይ ቆሞ ያስቸገራቸውን ሰው ነው።

ከደንበኞቼ አንዷ ካቶሊክ ናት። መቁጠሪያዋን ከመኳኳያዋ ጋር በአንድ ቦርሳ ትይዛለች። የስርጭት ቡድን መልበሻ ክፍል ገብቶ «ኢየሱስን ታውቂዋለሽ?» ሲላት ምን እንደተሰማት ነግራኛለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ቅዳሴ ላይ ያደገች ሴት ናት። ፊቷን አዙራ ወጣች። በጽሑፉ መለኪያ እግዚአብሔርን የጠላች ልትባል ነው።

ሌላዋ ደግሞ ምንም እምነት የላትም። ግን በየወሩ ብስኩትና ሎሽን ይዘው የሚመጡትን ሁለት ሴቶች ትወዳቸዋለች። ለምን ብዬ ጠየቅኳት። ስሟን ያስታውሳሉ፣ ስልክ አውጥተው አይቀርጹም፣ ሥራ ሲበዛ ራሳቸው ያውቁና ዞር ይላሉ። መኪናዋ የተበላሸ ጊዜ ልጇን ከትምህርት ቤት ያመጣችላት ከሁለቱ አንዷ ናት። እስከ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን አልሄደችም፤ ሴትዮዋም መምጣቷን አላቋረጠችም። እንዲህ ያለውን አገልግሎት እኔ ከልቤ አከብረዋለሁ።

ሦስተኛዋ የምታነሳው ቅሬታ ከሁሉም ይከብዳል። አንድ ቀን ከመጡት ጋር አልቅሳ ጸለየች። በሳምንቱ ታሪኳ፣ ስሟ ብቻ ተቀይሮ፣ ለገንዘብ ማሰባሰቢያ ሲነገር ሰማች። ከተማዋን፣ የልጆቿን ቁጥር፣ የቀድሞ ባሏን ሥራ የሰማ የሚያውቃት ሰው ወዲያው ይለያታል። ከዚያ ወዲህ የስርጭት ሰዎች ሲመጡ መጸዳጃ ቤት ገብታ ትቆልፋለች። ጸሐፊው ያገለገሏቸውን ሴቶች ታሪክ በምስክርነት መልክ ለማሳተም ማሰባቸውን ጽፈዋል። እባክዎ፣ ከመታተሙ በፊት ለሴቶቹ ያንብቡላቸው።

አሁን ወደ ጽንስ ማቋረጡ ልምጣ። ብዙ የምለው እዚህ ላይ ነው።

ጽሑፉ አብዛኞቹ ዳንሰኞች አስወርደዋል ይላል። ምንጭ አልጠቀሰም። ክለብ ውስጥ የሰሙት ወሬ ከሆነ ወሬ ነው ይበሉን። ያስወረዱት ለምቾታቸው ነው ለሚለው ግን በቂ መልስ አለ።

ጉትማከር የተባለው የጥናት ተቋም በ2014 አሜሪካ ውስጥ ጽንስ ያቋረጡ ሴቶችን ጠይቆ ነበር። ከአሥሩ ስድስት ያህሉ ቀድሞውኑ የወለዱ እናቶች ናቸው። ከአራቱ ሦስቱ ድሆች ወይም ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ናቸው። ሃይማኖታቸውን በተመለከተ 24 በመቶው ካቶሊክ፣ 17 በመቶው የነባሮቹ ፕሮቴስታንት ቤተ እምነቶች አባል፣ 13 በመቶው ወንጌላውያን ነን ብለዋል። ሲደመር ከግማሽ በላይ ክርስቲያን ማለት ነው። ስለዚህ ይህን ጉዳይ ከክለብ በር ውስጥ ብቻ እንዳለ አድርጎ መጻፍ ልክ አይደለም። እሑድ አጠገባችን ቆመው የሚዘምሩ ሴቶች ጉዳይ ነው።

እኔ ጽንስ ማቋረጥን አቅልላ የምታይ ሰው አይደለሁም። ከጸሐፊው ጋር የሚለየን ሴትዮዋን እዚያ ውሳኔ ላይ የሚያደርሳት ምንድን ነው የሚለው ነው። ይህን ደግሞ ከጠረጴዛዬ ላይ በሚገባ አያለሁ።

አንዲት ደንበኛዬ ሁልጊዜ የጥር ወር ላይ ደብተር ይዛ ትመጣለች። ጠርዙ የተበላ፣ ብልጭልጭ የተጣበቀበት የተማሪ ደብተር ነው። በየቀኑ ያገኘችው በግራ፣ የከፈለችው በቀኝ ተጽፏል። አንዱን ቀን ልጥቀስ፤ ክለቡ ለመግቢያ የሚያስከፍላት ሃውስ ፊ 80 ዶላር፣ ለዲጄው 20፣ መልበሻ ክፍሉን ለምትቆጣጠረው ሃውስ ማም 15፣ ለጋርዱ 10። በግራ በኩል 95 ይላል። ዘጠኝ ሰዓት ሙሉ በተረከዝ ጫማ ቆማ የ30 ዶላር ዕዳ ይዛ ወጣች። ጥሩ ቀንም አለ፤ አምስት መቶ፣ ሰባት መቶ ያገኘችበት። ግን ክለብ ውስጥ ለመሥራት የምትከፍለው እሷ ናት። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ዳንሰኛዋ ደሞዝ የላትም። ተቀጣሪ ሳትሆን ለራሷ የምትሠራ ተቋራጭ ናት ተብላ 1099 የሚባለው የተቋራጮች የገቢ ቅጽ ይሰጣታል፤ በዚያ ላይ ለራሱ የሚሠራ ሰው የሚከፍለው ታክስ 15.3 በመቶ ይጠብቃታል።

ያንን ደብተር ስገላልጥ ከአንድ ገጽ በኋላ ባዶ ሆነብኝ። ምን ሆነሽ ነው ስላት ሆዴ ታየ አለች። አምስተኛ ወሯ ላይ የክለቡ ኃላፊ አትምጪ አላት። ደብዳቤ የለ፣ ካሳ የለ፣ እረፍት የሚባል ነገር የለ። ልጁን ወለደችው። ከእህቷ ቤት ሶፋ ላይ፣ በክሬዲት ካርድ ዕዳ። ከወለደች ገና ሁለት ወር ሳይሞላት ደብተሩ እንደገና መጻፍ ጀመረ።

ሌላዋ ደግሞ የአራት ዓመት ልጅ ያላት ነበረች፤ የሁለት ወር ኪራይ ነበረባት። እሷ አቋረጠች። ሁለቱን ሴቶች ጎን ለጎን አስቀምጬ ሳያቸው በባሕርይ የሚለያቸው ነገር አላገኘሁም። አንዷ ሶፋ ያላት እህት ነበረቻት።

ሕጉንም እንይ። የ1993ቱ የቤተሰብና የሕክምና ፈቃድ ሕግ 12 ሳምንት ፈቃድ ይሰጣል፤ ያውም ያለ ክፍያ፣ ያውም 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው ድርጅት ለተቀጠረ ሰው። በሰኔ 2023 ሥራ ላይ የዋለው የነፍሰ ጡር ሠራተኞች ሕግ ደግሞ አሠሪው ሥራውን ለነፍሰ ጡሯ እንዲያመቻች ያስገድዳል። እሱም ለተቀጣሪ ነው። ተቋራጭ የተባለች ሴት ከሁለቱም ውጭ ናት። የኔቫዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 የአንድ ትልቅ የቬጋስ ክለብ ዳንሰኞች በስቴቱ የደሞዝ ሕግ መሠረት ተቀጣሪዎች ናቸው ብሎ ወስኗል። በ2021 በሌላ ክለብ ላይም እንዲሁ ፈረደ። እኔ ጋ የሚመጣው ወረቀት ግን ዛሬም 1099 ነው።

ታዲያ የስርጭት ቡድኑ ለዚህች ሴት «ልጅሽን ውለጂ» ሲላት ከአምስተኛው ወር እስከ መውለጃዋ ምን ትብላ? ጸሐፊው ስለዚህ አንድ መስመር አልጻፉም። አሜሪካ ውስጥ ከ2,500 በላይ የእርግዝና ማዕከላት አሉ፤ አብዛኞቹን ክርስቲያኖች ያቋቋሟቸው ናቸው። ዳይፐር ይሰጣሉ፣ አልትራሳውንድ ያነሳሉ። መልካም ነው። ግን የቤት ኪራይ በዳይፐር አይከፈልም።

ጽሑፉ ያስወረደች ሴት ዕድሜ ልኳን በጸጸት ትኖራለች ብሎ እንደ ደንብ ያስቀምጣል። የምትጸጸት አለች፤ አብራኝ ያለቀሰች ሴት አውቃለሁ። ለሁሉም ግን አይሆንም። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳን ፍራንሲስኮ ተመራማሪዎች ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሴቶችን ለአምስት ዓመት ተከታትለዋል፤ ያቋረጡትንም፣ ጊዜው አልፎብሻል ተብለው የተመለሱትንም። ካቋረጡት ውስጥ ከአምስት ዓመት በኋላ ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑት ውሳኔዬ ለእኔ ትክክል ነበር ብለዋል። ተከልክለው የተመለሱት ደግሞ በዕዳና በድህነት የበለጠ ተጎድተዋል። በዚህ ውጤት ልናዝን እንችላለን፤ አላየንም ማለት ግን አንችልም። ለሴት ልብሽ ውስጥ ያለው ይሄ ነው ብሎ ከመንገር በፊት መስማት ይቀድማል።

እዚህ ላይ የካቶሊኳን ደንበኛዬን ነገር ልጨምር። እሷ ጽንስ ማቋረጥን አጥብቃ ትቃወማለች። ከእሷ ጋር በአንድ ክለብ የምትሠራው ጓደኛዋ ደግሞ መብቴ ነው ትላለች። ኔቫዳ ውስጥ እስከ 24 ሳምንት ሕጋዊ ነው፤ በ1990 ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ አጽንቶታል። ጽንስ ማቋረጥን በመላው አሜሪካ መብት ያደረገው የሮ ውሳኔ በሰኔ 2022 ከተሻረ ወዲህ ጽንስ ማቋረጥን ከከለከሉት ከቴክሳስና ከአይዳሆ ለሥራ የሚመጡ ዳንሰኞች ስለዚህ ጉዳይ በመልበሻ ክፍል እንደሚከራከሩ ሁለቱም ነግረውኛል። ይከራከራሉ፣ ይኳረፋሉ፣ ይታረቃሉ። ልክ እንደ እኛ ቤተሰብ። አንድ ዓይነት አመለካከት ያላቸው አድርጎ መጻፍ ትልቅ ስሕተት ነው።

ቤተ ክርስቲያን መሸሸጊያቸው ናት የሚለውን አንቀጽ እኔም እንዲሆን እመኛለሁ። ዛሬ ግን እንደዚያ አይደለም። ላይፍዌይ የተባለው የባፕቲስቶች የጥናት ተቋም በ2015 ያወጣው ዳሰሳ ላይ፣ ጽንስ ካቋረጡት ሴቶች 36 በመቶው በዚያን ወቅት ቢያንስ በወር አንዴ ቤተ ክርስቲያን ይሄዱ ነበር። ስለ ውሳኔያቸው ከቤተ ክርስቲያን ሰው ጋር የተነጋገሩት ግን 7 በመቶ ብቻ ናቸው። ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጉት ደግሞ ምዕመኑ ከሚረዳ ይልቅ ሐሜት ያወራል ብለዋል። ይህን ያጠናው ክርስቲያን ተቋም ነው። የራሳችን ልጆች ለእኛ መናገር ከፈሩ ዳንሰኛዋ እንዴት ትመን?

ስለ ገንዘቡ። ጸሐፊው ዘዳግም 23፥18ን ጠቅሰው የዳንሰኛ አስራት አይቀበሉ ይላሉ። ጥቅሱ የሚናገረው ለስእለት ስለሚቀርብ የሴተኛ አዳሪ ዋጋ ነው፤ ዳንሰኛን እዚያ ውስጥ የጨመሯት እሳቸው ናቸው። ቀጥሎ ያለው ቁጥር 19 ለወንድምህ በወለድ አታበድር ይላል። ስለ እሱ የስብከት ሰዓት ተይዞ አላየሁም። ከዚህ የሚብሰኝ ግን ሌላ ነው። በዚህ ከተማ ክለቦች መንገደኛ ለሚያመጣላቸው ሹፌር በነፍስ ወከፍ ይከፍላሉ። ሁሉም ያውቀዋል። ከሹፌሮቹ ብዙዎቹ ወገኖቻችን ናቸው፤ ልጆቻቸውን ያስተማሩበት፣ ሀገር ቤት የላኩበት ገንዘብ ነው። እኔም በታክሳቸው ላይ ገቢ ብዬ እመዘግበዋለሁ። ከዚያ ገንዘብ የወጣውን አስራት ማንም ከየት መጣ ብሎ ጠይቆ አያውቅም። እኔም አይጠየቅ ነው የምለው። ያው አንድ በር ነው፤ ሹፌሩ በደጅ፣ ሴትዮዋ በውስጥ። የእሱን ተቀብሎ የእሷን የሚመልስ እጅ ግን ፍርዱ ልክ አይደለም።

መጨረሻ ላይ ያለው መፍትሔ ክለቡን ትተው ይምጡ የሚለው ነው። መተው የምትፈልግ ሴት ብዙ ናት። መተው የማትፈልግም አለች፤ እሷ ሥራው ይሻሻልልኝ ነው የምትለው። ሰሜን ሆሊዉድ ውስጥ የስታር ጋርደን ክለብ ዳንሰኞች በ2022 ለደኅንነታቸው ብለው ሥራ አቁመው ደጅ ላይ ተሰለፉ። በግንቦት 2023 ድምፃቸው ተቆጥሮ 17 ለ 0 በተዋንያን ማኅበር ሥር ተደራጁ። ዋሽንግተን ስቴት ደግሞ በመጋቢት 2024 ዳንሰኞቹ ራሳቸው የታገሉለትን ሕግ አወጣች። ክለብ በአንድ ፈረቃ ከዳንሰኛዋ የሚወስደው ከ150 ዶላር ወይም ካገኘችው 30 በመቶ፣ ካነሰው እንዳይበልጥ ተደረገ። የአደጋ መጥሪያ ቁልፍና የጋርዶች ሥልጠናም ግዴታ ሆነ። ያች ባለ ደብተር ደንበኛዬ ይህ ሕግ ኔቫዳ ቢኖር ኖሮ በዕዳ የወጣችበት ሌሊት አይኖርም ነበር። ለነፍሰ ጡር ዳንሰኛ እቆማለሁ የሚል ክርስቲያን በዚህ ሕግ ጎን ቢቆም እኔ ደስ ይለኛል።

መውጣት ለምትፈልገው ደግሞ ከጸሎቱ ጋር የሚያስፈልጋትን ልንገራችሁ። ቤት አከራይ ከኪራዩ ሦስት እጥፍ ገቢ እንዳላት ማስረጃ ይጠይቃታል። በጥሬ ገንዘብ የሠራችበት ዓመት ታክስ ካላስገባች በወረቀት ላይ ሥራ የሠራች አይመስልም። አዲስ አሠሪ ያለፉትን ዓመታት የት ነበርሽ ይላታል። ወደ ኋላ የቀረ ታክስ አስተካክሎ፣ ከአሜሪካ ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ከአይአርኤስ ጋር የክፍያ ስምምነት አድርጎ፣ ንጹሕ የሁለት ዓመት ወረቀት ማስያዝ ይቻላል። ይህን አድርገን ነርሲንግ ትምህርት ቤት የገባች ሴት አለች።

ቡድኑ ለስጦታ ቦርሳ ከሚያወጣው ላይ ቀንሶ ለሁለት ነፍሰ ጡር ሴቶች የስድስት ወር ኪራይ ቢይዝ፣ የታክስ ሥራውን እኔ ያለ ክፍያ እሠራለሁ። ጸሐፊውም ፈቃደኛ ከሆኑ የታክስ ማስገቢያው ቀን ከሆነው ከኤፕሪል 15 በኋላ ጊዜ አለኝ፤ ከደንበኞቼም ሁለቱ እርስዎን ለማናገር እሺ ብለዋል። ያቀረቡት ቅድመ ሁኔታ ካሜራ እንዳይኖር ብቻ ነው።